የሳተላይት ግንኙነትን ቀድቶ በኋላ ለመመዝገብ፦ ስልክ፣ ድምፅ መቅጃ፣ ባለ ካርድ ሬዲዮ ወይስ ኤስዲአር (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ)?

በእጅ በሚያዝ አንቴና በሳተላይት በኩል የሚገናኝ የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተር ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። አንደኛው ሳተላይቱን ከወጣበት አድማስ እስከሚጠልቅበት ድረስ በአንቴናው ይከተላል፤ ሌላኛው የመላኪያውን ቁልፍ ይጫናል፣ በዶፕለር፣ ማለትም በሳተላይቱ ፍጥነት ሳቢያ በሚመጣው ለውጥ፣ ምክንያት የሚሸሸውን ፍሪኩዌንሲም በየጊዜው ያስተካክላል። ከምድር ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚሰማው ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 የመጠቀው የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት ኤስኦ-50 ከዚያ የሚበልጠው በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ፣ በተለይ እንደ ኢትዮጵያ በሳተላይት ላይ እምብዛም ከማትሰማ አገር ጥሪ ሲወጣ፣ ከአረብ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከምሥራቅ አፍሪካና ከደቡብ አውሮፓ ያሉ ጣቢያዎች በላይ በላዩ ይመልሳሉ። ይህን ሁሉ እየሰሙ በእስክሪብቶ መጻፍ ስለማይቻል፣ ማለፊያውን (ሳተላይቱ ከሚወጣበት እስከሚጠልቅበት ያለውን ጊዜ) በሙሉ ቀድቶ በኋላ ተረጋግቶ መመዝገብ የግድ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ፈቃድና ጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ፊደላትና ቁጥር) ኖሮት ከጎጃም ከተሞችና ተራሮች ለሚሠራ ሰው የትኛው መቅጃ እንደሚሻል ያነጻጽራል።

መቅጃ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው የድምፁ ጥራት ነው። እኔ የማምነው ግን ለመዝገብ የሚቀዳ ድምፅ ለጆሮ ማማር እንደማይጠበቅበት ነው። የሚጠበቅበት የሌላው ጣቢያ ጥሪ ምልክትና የግሪድ ካሬ (በሁለት ፊደልና በሁለት ቁጥር የሚጻፍ የቦታ መለያ) ተለይቶ እንዲሰማ፣ የራስ ድምፅም አብሮ እንዲኖር፣ ከሁሉም በላይ ቅጂው የተጀመረበት ሰዓት ያለ ጥርጥር እንዲታወቅ ማድረግ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ቅጂ፣ ድምፁ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ መዝገብ ሊወጣው አይችልም። ከዚህ በታች የቀረቡት አራት አማራጮችም የተመዘኑት በዚሁ ነው።

አስቀድሞ ሰዓቱና ቦታው

የትኛውም መቅጃ ቢመረጥ፣ የአገራችን ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ለሳተላይት መዝገብ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መዝገቡ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ እና በጎርጎርዮስ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀን ላይ በሆነ ሰዓት ላይ 3 ሲደመር፣ ማታና ሌሊት በሆነ ሰዓት ላይ ደግሞ 15 ሲደመር (ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ተቀንሶ) ዩቲሲ ይገኛል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 5፡00 ዩቲሲ ሲሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ዩቲሲ ነው። ሰዓቱን ማስላት ይህን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው፤ የዩቲሲ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የስልክ ወይም የኮምፒውተር ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ለምሳሌ ለጥር 12 ቀን 2017 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተደረገ ግንኙነት በስልኩ ላይ ጃንዋሪ 20፣ 2025 ተብሎ ይታያል፤ በመዝገቡ ላይ መግባት ያለበት ግን ጃንዋሪ 19፣ 23፡00 ዩቲሲ ተብሎ ነው። በእነዚያ ሦስት የሌሊት ሰዓታት የተደረገ ግንኙነት ሁሉ በስልኩ ቀን ከተመዘገበ በአንድ ቀን ይሳሳታል፤ ሌላው ወገን በትክክለኛው ቀን ስለሚያስገባው ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም።

ለዚህ መድኃኒቱ መቅጃው የራሱ ሰዓት ካለው ከመጀመሪያው በዩቲሲ መሙላትና እንደዚያው መተው ነው። ከዚያ በተጨማሪ ሳተላይቱ ከመውጣቱ በፊት መቅጃውን አስነስቶ ቀኑን፣ የዩቲሲውን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ፣ የሳተላይቱን ስምና የቆሙበትን ግሪድ በራስ ድምፅ መናገር ያስፈልጋል። ይህ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ፋይሉ ስሙ ቢቀየር፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተገልብጦ ቀኑ ቢጠፋ፣ ወይም የመቅጃው ሰዓት ድንጋይ ሲቀየር ወደ ዜሮ ቢመለስ እንኳ መረጃውን ያድናል። ብዙ ስልኮች ፋይሉ ላይ የሚያሳዩት ቅጂው ያለቀበትን ጊዜ እንጂ የተጀመረበትን አለመሆኑም መታወስ አለበት።

ቦታውን መናገር የሚያስፈልገው ጎጃም በአንድ የግሪድ ካሬ ውስጥ ስለማትጠቃለል ነው። ባሕር ዳር፣ ዳንግላና ሞጣ በኬኬ81 ውስጥ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና እንጅባራ በኬኬ80 ውስጥ ይገኛሉ፤ ደጀንና ቢቸና ደግሞ ከ38 ዲግሪ ምሥራቅ ወዲያ ስለሆኑ ኬኬ90 ናቸው። ሁለቱን የሰሜንና የደቡብ ካሬዎች የሚለየው የ11 ዲግሪ መስመር ከእንጅባራ በስተሰሜን ጥቂት አለፍ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው በአጭር መንገድ ካሬ ይቀይራል። ግሪድ ለሚሰበስቡ የሳተላይት ኦፕሬተሮች እያንዳንዱ ካሬ ለብቻው የሚቆጠር ነውና፣ ጠዋት ከአንዱ ከሰዓት በኋላ ከሌላው የሠራ ሰው የትኛው ቅጂ ከየት እንደሆነ በድምፁ ውስጥ ካላስቀመጠ በኋላ ሊለየው አይችልም።

ስልክ

ሁሉም በኪሱ ያለው ስልክ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስልክን ከሌሎቹ የሚለየው ትልቁ ጥቅሙ ከአየር የሚቀዳ መሆኑ ነው፤ የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያና የኦፕሬተሩን የራሱን ድምፅ በአንድ ማይክሮፎን ይይዛል። በአንድ የቻይና የእጅ ሬዲዮ ብቻ የሚሠራ ሰው ሲልክ መስማት አይችልም፤ ስለዚህ ከሬዲዮው በገመድ ቢቀዳ የራሱ ድምፅ ቅጂው ውስጥ አይገባም፤ ለማን ምን ሪፖርት እንደሰጠም ማረጋገጫ አያገኝም። ለእንዲህ ያለው ኦፕሬተር ከሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ከውድ መቅጃ ይሻለዋል።

ችግሩ የሚመጣው በሁለት ሬዲዮ፣ ማለትም እየላኩ በመስማት፣ ሲሠራ ነው። ይህ ትክክለኛው የሳተላይት አሠራር ነው፤ የራስ ድምፅ በሳተላይቱ በኩል ሲመለስ መስማት ሳተላይቱ ጋ መድረስ አለመድረስን ያሳውቃል፣ በሌሎች ላይ ከመጮህም ያድናል። ነገር ግን በድምፅ ማጉያ ከተሠራ የተመለሰው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ እየገባ ስለሚያፏጭ በጆሮ ማዳመጫ መሥራት ያስፈልጋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲሠራ ደግሞ ስልኩ የኦፕሬተሩን ድምፅ ብቻ ይቀዳና የሌላው ጣቢያ ጥሪ ምልክት አይኖርም።

ሌሎቹ ጉድለቶች የአየሩና የስልኩ ናቸው። በጮቄ ተራራ ላይ ወይም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ሜዳዎች ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የስልክ ማይክሮፎንን ይሸፍነዋል፤ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሚሰማው ጥቂት ነው። ብዙ ስልኮች ጫጫታን ለመቀነስ ብለው ድምፁን ራሳቸው ያጣራሉ፤ ከጫጫታ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣውን ደካማ ጣቢያም አብረው ያጠፉታል። ስለዚህ ማጣሪያውን ማጥፋት የሚያስችል የመቅጃ መተግበሪያ መምረጥ ይገባል። የስልክ ጥሪ ሲገባ ቅጂው ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ስልኩ በበረራ ሁኔታ ላይ መደረግ አለበት፤ የሳተላይቱን አቅጣጫ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች የምሕዋር መረጃው አስቀድሞ ከወረደላቸው በዚያ ሁኔታም ይሠራሉ።

ከሬዲዮው ጋር በገመድ የተያያዘ ድምፅ መቅጃ

በሁለት ሬዲዮ ኤፍኤም ሳተላይቶችን ለሚሠራ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጋዜጠኞች ለቃለ መጠይቅ የሚይዙት ዓይነት ትንሽ መቅጃ በውጭ ማይክሮፎን መግቢያው በኩል ከተቀባዩ ሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ጋር ይገናኛል፤ በመካከሉ ያለው ማከፋፈያ አንዱን መስመር ወደ ጆሮ ሌላውን ወደ መቅጃው ይወስዳል። ነፋስም ዝናብም አይገባበትም፤ እየላኩ መስማት ስላለ የኦፕሬተሩ ድምፅም በሳተላይቱ በኩል ተመልሶ ይቀዳል። ይህ የተመለሰ ድምፅ ግንኙነቱ በእርግጥ በሳተላይቱ በኩል መካሄዱንም ያሳያል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የድምፁ ኃይል ነው። የሬዲዮ ጆሮ ማዳመጫ መውጫ ለማይክሮፎን መግቢያ እጅግ የበዛ ኃይል ስለሚሰጥ፣ መቀነሻ ያለው ገመድ ካልተጠቀሙ ወይም የመቅጃው መግቢያ ካልተቀነሰ ድምፁ ተቆራርጦ ጥሪ ምልክቱ አይለይም። መቅጃው ኃይሉን በራሱ የሚያስተካክልበት ዘዴ ካለውም መጥፋት አለበት፤ ጣቢያዎች ዝም ባሉ ቁጥር የሳተላይቱን ጫጫታ ከፍ እያደረገ ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ፊደል ስለሚያፍነው ነው፤ የጥሪ ምልክት መጀመሪያ ደግሞ አገሩን የሚለየው ክፍል ነው። አስተካክሎ ከቤት መሞከርና የተስማማውን ቁጥር በመቅጃው ጀርባ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይበቃል።

ባለ ሁለት ቻናል መቅጃ የያዘ ሰው ከዚህም የተሻለ ማድረግ ይችላል፤ በግራው ቻናል ሬዲዮውን፣ በቀኙ ደግሞ አንገትጌ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን። በዚህ መንገድ በአንድ ሬዲዮ ብቻ የሚሠራ ሰውም የሁለቱንም ወገን ድምፅ ሳይቀላቀል ያገኛል፤ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩም የራስን ድምፅ ዘግቶ ሌላውን ብቻ ማዳመጥ ይቻላል።

መቅጃው በትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ድንጋይ በየትኛውም የጎጃም ከተማ ሱቅ ስለሚገኝ መብራት በጠፋ ቀን መቅዳት አይቀርም። የሚይዘው ቦታም ትንሽ ነው። ሳይጨመቅ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት በአንድ ቻናል የተቀዳ 10 ደቂቃ ወደ 53 ሜጋባይት ሲሆን፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ተጨምቆ ሲቀመጥ ወደ 5 ሜጋባይት ይወርዳል። ለንግግር ይህ በቂ ነው።

ራሱ የሚቀዳ ሬዲዮ

እንደ አይኮም አይሲ-9700 ያለ የቤት ጣቢያ ሬዲዮ የሚላከውንም የሚቀበለውንም በኤስዲ ካርድ ላይ ይቀዳል፤ እየላከም ይሰማል። ባሕር ዳር ላይ፣ ወደ ሰሜን በጣና ሐይቅ በኩል አድማሱ በተከፈተበት ቦታ፣ ቋሚ ጣቢያ ያለው ሰው ከዚህ ሌላ መቅጃ መፈለግ የለበትም። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ተራራ ለመውጣት ግን የመኪና ባትሪ ያህል ኃይል ያስፈልገዋል።

ካርድ የሚቀበሉ የእጅ ሬዲዮዎችም አሉ፤ ኬንዉድ ቲኤች-ዲ74 እና አይኮም አይዲ-52 ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሁለቱም ውስጣቸው ጂፒኤስ ስላላቸው ሰዓታቸው ከሳተላይት ይስተካከላል፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየላኩ የመስማት ችሎታ የላቸውም። በእነዚህ ሬዲዮዎች ቅንብር ውስጥ የሚቀዳው መቀበያው ብቻ እንደሆነ ወይም መላኪያውንም እንደሚጨምር አስቀድሞ ማየትና፣ ከተቻለ ሁለቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ለመቅጃው ብቻ ብሎ እንዲህ ያለ ሬዲዮ መግዛትን አልመክርም፤ ያለው ሰው ግን ይጠቀምበት።

ኤስዲአር፦ ሙሉውን የፍሪኩዌንሲ ወርድ መቅዳት

እስካሁን የተነገረው አንድን ጣቢያ በአንድ ጊዜ ለሚያስተላልፉ የኤፍኤም ሳተላይቶች ነው። ኤስኦ-50 በ145.850 ሜጋኸርዝ ከ67 ኸርዝ ቶን (ደጋሚውን ከሚከፍት ዝቅተኛ ድምፅ) ጋር ተቀብሎ በ436.795 ይመልሳል፤ የጠፈር ጣቢያው ደጋሚ ደግሞ በ145.990 ተቀብሎ በ437.800 ይመልሳል። ሊኒየር ትራንስፖንደር ያላቸው ሳተላይቶች ግን ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያስተናግዳሉ። አርኤስ-44 ከ435.610 እስከ 435.670 ሜጋኸርዝ ባለው 60 ኪሎኸርዝ ወርድ ላይ ይመልሳል፤ ከምድር ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚዞርም ማለፊያው ከ20 ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ከጎጃም ሆኖ ሰፊውን አውሮፓና ሕንድን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 የመጠቀውና ባትሪው ከሞተ በኋላ ፀሐይ ሲያገኝ ብቻ የሚሠራው ኤኦ-7ም የዚህ ዓይነት ነው።

እንዲህ ባለው ሳተላይት ላይ ድምፅ መቅጃ የሚይዘው ሬዲዮው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስዲአር ከላፕቶፕ ጋር ሲሠራ ግን ሙሉውን ወርድ እንዳለ ይቀዳል፤ በኋላ ፋይሉን ከፍቶ ሳተላይቱ ገና ከላይ ያለ ያህል ፍሪኩዌንሲውን እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ዶፕለሩን ሳይከታተሉ ጥሪ ምልክቱ ያመለጠ ጣቢያ ካለ፣ እንደገና በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርጎ መስማት ይቻላል። በ435 ሜጋኸርዝ አካባቢ ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት የዶፕለር ለውጡ ወደ 10 ኪሎኸርዝ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚደርስ፣ ይህ ችሎታ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤችዲኤስዲአር የተባለው ፕሮግራም በፋይሉ ስም ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ፍሪኩዌንሲውንም ጨምሮ ያስቀምጣል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል እስከሆነ ድረስ የሰዓቱ ጉዳይ በራሱ አለቀ ማለት ነው።

ዋጋው ግን በቦታ፣ በመብራትና በጣልቃ ገብነት ይከፈላል። ርካሹ ባለ 8 ቢት ኤስዲአር በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ሲወስድ 10 ደቂቃው ወደ 2.9 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ያህል ለምን? ለአርኤስ-44 በሴኮንድ 250 ሺህ ናሙና ይበቃል፤ ፋይሉም ወደ 300 ሜጋባይት ይወርዳል። ዘገምተኛ ካርድ ላይ በብዛት መጻፍ ናሙና እንዲጠፋ ስለሚያደርግም አነስተኛው ይመረጣል። ሌላው ችግር የራስ መላኪያ ነው። የ145.990 ሜጋኸርዝ ሦስት እጥፍ 437.970 ስለሆነ፣ በሁለት ሜትር ባንድ ላይ ሲላክ የሚወጣው ሦስተኛ ሃርሞኒክ ከመቀበያው ፍሪኩዌንሲ አጠገብ ይወድቃል፤ ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ኤስዲአር ደግሞ በዋናው ሲግናልም ይደነቁራል። በመላኪያው በኩል ሃርሞኒኩን የሚቆርጥ፣ በመቀበያው በኩል ደግሞ የ145ን ሲግናል የሚያግድ ማጣሪያ ካልገባ፣ በቅጂው ላይ ኦፕሬተሩ በተናገረ ቁጥር ባዶ ክፍተት ይገኛል። ስለዚህ ኤስዲአር ለሊኒየር ሳተላይት ከሁሉም የላቀ መቅጃ ቢሆንም፣ በተራራ ላይ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከድምፅ መቅጃው ጋር እንደ ሁለተኛ እንዲያገለግል እንጂ ብቸኛ እንዲሆን አልመክርም፤ ላፕቶፑ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ አብሮ ይጠፋልና።

በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሞ ለሚሠራው ኪውኦ-100 ለተባለው ሳተላይት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከጎጃም ሲታይ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝና የማይጠልቅ ስለሆነ፣ ግንኙነቱ እየተካሄደ መጻፍ ይቻላል።

ከቅጂው ወደ መዝገቡ

ቅጂው በዚያው ቀን መሰማት አለበት፤ ትዝታ ገና ትኩስ ሳለ ያልጠራውን ፊደል ለመለየት ይረዳል። የእያንዳንዱ ግንኙነት ሰዓት የሚገኘው የመነሻውን ሰዓት ከቅጂው ደቂቃ ጋር በመደመር ነው፤ ቅጂው በ23፡04፡10 ከተጀመረና ጣቢያው በ6 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ላይ ከመለሰ፣ ግንኙነቱ በ23፡10 ዩቲሲ ይመዘገባል። ኦፕሬተሮች ግንኙነታቸውን በኢንተርኔት የሚያረጋግጡበት ሎግቡክ ኦቭ ዘ ወርልድ ሁለት መዝገቦችን ሲያገናኝ የ30 ደቂቃ ልዩነት ይፈቅዳል፤ በአንድ ቀን መሳሳትን ግን አይፈቅድም። ከሰዓቱ ጋር የሁለቱ ባንዶች፣ የሥርጭቱ ዓይነት፣ የሳተላይቱ ስምና ግንኙነቱ በሳተላይት መሆኑን የሚገልጸው ምልክት መግባት አለባቸው፤ ይህ የመጨረሻው ከተረሳ መዝገቡ የምድር ግንኙነት ሆኖ ይቆጠራል።

አንድ ነገር በጥብቅ መያዝ አለበት። ቅጂ የተደረገን ግንኙነት ያጠራል እንጂ ያልተደረገን አይፈጥርም። በጊዜው ሳይሰማ የቀረ፣ መልስም ያልተሰጠው ጣቢያ በኋላ በኤስዲአር ፋይል ላይ ጥርት ብሎ ቢገኝም ግንኙነት አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች በዚያች ማለፊያ ላይ ተሰማምተው መለዋወጥ ነበረባቸው። ከጥሪ ምልክቱ አንድ ፊደል ብቻ የጎደለ ከሆነም ከዝርዝር ፈልጎ የሚመስለውን መሙላት ተገቢ አይደለም። ያ መስመር ባዶ ይቆይ፤ ሌላው ወገን ጽፎ ሲጠይቅ ቅጂው እንደገና ይሰማል፣ ያኔም የሰጠው ጥሪ ምልክት በድምፁ ላይ መኖሩ ይረጋገጣል።

ለዚህም ሲባል ጥሬው ፋይል መዝገቡ እንደገባ መጥፋት የለበትም። የወረቀት ማረጋገጫ ካርዶች ከዓመታት በኋላም ይመጣሉ። ኤፍኤሙን ጨምቆ በዩቲሲ ቀንና ሰዓት፣ በሳተላይቱ ስምና በግሪዱ ሰይሞ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ የኤስዲአሩን ከባድ ፋይል ግን ግንኙነቶቹ በሁለቱም ወገን እስኪረጋገጡ ድረስ ብቻ ማቆየት ይበቃል።